«ስሌት ምንጭ አያሻውም» ለሚሉ ገምጋሚዎች

ሰሞኑን እዚህ ድሬዳዋ በአንድ የሲቪል ምህንድስና ተመራቂዎች ግምገማ ላይ ከገምጋሚዎቹ ወገን የተሰጠው ምክር ይህ ነበር፦ የምህንድስና ጽሑፍ ስሌት ነው፣ በየመስመሩ ምንጭ መደርደር የታሪክና የሕግ ተማሪ ሥራ ነው፣ መጨረሻው ላይ አሥር መጻሕፍት መዘርዘር ይበቃል። ተማሪዎቹ ደስ አላቸው። ሥራ ስለቀነሰላቸው አይፈረድባቸውም። የሚያናድደው ምክሩን የሰጡት ሰዎች ነገ እነዚህ ልጆች ዲዛይን ላይ እንዲፈርሙ የሚያበቁ መሆናቸው ነው።

«ስሌት ምንጭ አያሻውም» የሚለውን እናስቀድም፤ ከሁሉ የላላው ክርክር እሱ ነውና። የኒውተንን ሕግ ለመጻፍ ምንጭ ጥቀስ ያለ የለም፤ እዚህ ድረስ እስማማለሁ። ቀመሩ ውስጥ የሚገባው ቁጥር ግን ወይ ተለክቷል፣ ወይ ከሠንጠረዥ ተወስዷል፣ ወይ ተገምቷል። ሦስቱ እኩል አይታመኑም። አንባቢ የትኛው መሆኑን የሚለየው ምንጩን ሲያይ ብቻ ነው።

ደቻቱን እንውሰድ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ የከተማችንን ሰው የወሰደ ወንዝ ነው፤ በየዓመቱ የሚሠሩ የመመረቂያ ጽሑፎችም የጎርፍ መጠኑን ያሰላሉ። ብዙዎቹ የሚጠቀሙት የአሜሪካ የአፈር ጥበቃ መሥሪያ ቤት ባለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ያወጣውን የከርቭ ነምበር ዘዴ ነው፤ ከርቭ ነምበር መሬቱ ከዘነበበት ውሃ ምን ያህሉን ወደ ጎርፍ እንደሚለቅ የሚያሳይ ቁጥር ነው፣ ሲጨምር ጎርፉም ይጨምራል። 25400ን ለከርቭ ነምበሩ አካፍለህ 254 ስትቀንስ አፈሩ የሚይዘው ውሃ በሚሊ ሜትር ይወጣል፤ ከዚያ ተነስተህ ከዘነበው ውስጥ ስንቱ ጎርፍ እንደሚሆን ታሰላለህ። ዘዴው ቀላል ነው፣ ችግሩ ቁጥሩ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣው የዚያው መሥሪያ ቤት መመሪያ ላይ ሣሩ የተራቆተ የግጦሽ መሬት ውሃ ደህና በሚያሰርገው የአፈር ምድብ ቢ 79፣ እምብዛም በማያሰርገው ምድብ ዲ 89 ይሰጠዋል። ተማሪው ታዲያ «ከርቭ ነምበር 79 ተወስዷል» ብሎ ያልፋል። ከየት ተወሰደ? ምድብ ቢ ነው ያለው ማነው? ከዝናቡ በፊት አፈሩ ደረቅ ነበር ወይስ እርጥብ?

ይህ ቃላት መሰንጠቅ የሚመስለው ሰው ራሱ ያስላው። 80 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል በ79 ወደ ጎርፍ የሚቀየረው 33 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በ89 ወደ 52 ይጠጋል። ልዩነቱ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 19 ሺህ ሜትር ኩብ ገደማ ነው፤ ከሐረርጌ ደጋ ተነስቶ በከዚራና በመጋላ መካከል የሚያልፈውን ወንዝ ተፋሰስ ሙሉ ስፋት ስታባዛበት የመከላከያ ግንቡ ቁመት ራሱ አጠያያቂ ይሆናል። ሁለቱም ስሌት በሒሳብ ስህተት የለበትም። ገምጋሚው ካልኩሌተር ይዞ ቢያድር ጥፋቱን አያገኘውም፣ ምክንያቱም ጥፋቱ ያለው ባልተጻፈው ምንጭ ውስጥ ነው።

በትክክል ሲጻፍ የሚጨምረው አንድ መስመር ነው፦ «የተራቆተ ግጦሽ፣ የአፈር ምድብ ቢ [5]፣ መካከለኛ የቀደመ እርጥበት፣ ከርቭ ነምበር 79 [4፣ ሠንጠረዥ 2-2ሲ]»። 4 እና 5 ምንጮቹ በዝርዝሩ ላይ የያዙት ቁጥር ነው። ልብ በሉ፣ ምንጮቹ ሁለት ናቸው። ሠንጠረዡ የአሜሪካ ነው፤ የአፈር ምድቡ ግን የእኛ ስለሆነ ካርታው ወይም የመስክ ምርመራው ለብቻው መጠቀስ አለበት። አብዛኛው ጽሑፍ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ቀመሩ ጎርፍ ከመጀመሩ በፊት የሚቀረውን ውሃ አፈሩ ከሚይዘው 0.2 እጅ አድርጎ ይወስዳል፤ ይህ 0.2 ራሱ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። 0.05 ይሻላል ብለው የተከራከሩ ተመራማሪዎች አሉ፤ ከርቭ ነምበሩን ሳያስተካክሉ እሱን ብቻ መቀየር ደግሞ ሌላ ስህተት ነው። ምንጭ ያልጠቀሰ ተማሪ ይህ ክርክር መኖሩንም ሳያውቅ ይመረቃል። ቁጥሩን ከአምናው ተመራቂ ገልብጦ መመሪያውን ያየ አስመስሎ የሚጠቅስ ደግሞ የአምናውን የትየባ ስህተት ጭምር ይወርሳል።

«ኮዱን ሁሉም ያውቀዋል» የሚሉም አሉ። የትኛውን ኮድ? እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው የሕንፃ ኮዳችን ሲ-25 ማለት በኪዩብ ናሙና ሲፈተሽ ጥንካሬው 25 ሜጋ ፓስካል የሆነ ኮንክሪት ነው፤ በሲሊንደር ናሙና ሲፈተሽ 20 ነው። እ.ኤ.አ. በ2015ቱ ኮድ ያው ኮንክሪት ሲ20/25 ተብሎ ይጻፋል። ዓመቱን ያልጠቀሰ ሪፖርት የደረሰው መሐንዲስ በ20 ፋንታ 25 ቢያስገባ የዲዛይን ጥንካሬው ከ11.3 ወደ 14.2 ሜጋ ፓስካል ይዘላል። ሳይት ላይ ግን ኮንክሪቱ ያው ነው።

ስለ ዓመት ካነሳን የዘመን አቆጣጠሩም ይጻፍ። «የድሬዳዋ ጎርፍ ጥናት፣ 2006» የሚል ማጣቀሻ እ.ኤ.አ. ከሆነ ጎርፉ የደረሰበት ዓመት ነው፣ ዓ.ም. ከሆነ ከስምንት ዓመት በኋላ የተሠራ ነው። የወንዙ ዳር ግንብ ከመሠራቱ በፊት የተለካ ይሁን በኋላ፣ አንባቢ በምን ይወቅ? የዝናብ መረጃም እንዲሁ ነው። «ከሜትሮሎጂ የተገኘ» ምንጭ አይባልም፤ ጣቢያው፣ ከስንት እስከ ስንት ዓመት እንደሆነ፣ ዕለታዊ ወይም ወርሃዊ መሆኑ፣ የጎደለው እንዴት እንደተሞላ ይጻፋል።

መጨረሻ ላይ የሚደረደሩት አሥር መጻሕፍት ምንም አይፈይዱም። አይ ትሪፕል ኢ የተባለው የመሐንዲሶች ማኅበር የማጣቀሻ አጻጻፍ ግልጽ ነው፦ ምንጩ መጀመሪያ በተጠቀሰበት ቅደም ተከተል ቁጥር ይይዛል፣ ደግሞ ሲጠቀስ ያንኑ ቁጥር ይዞ ይመለሳል፣ ዝርዝሩም በፊደል ተራ አይደረደርም። በእጅ ሲሠራ መሀል ላይ አንድ ምንጭ ከገባ ተከታዩ ሁሉ ይፋለሳል፤ ዞቴሮ የተባለው የማጣቀሻ ሶፍትዌር በነፃ ያስተካክለዋል። ጽሑፉ ውስጥ ቁጥሩ የሌለ መጽሐፍ ከዝርዝሩ ይውጣ። ተርኒቲን የተባለው ግልበጣ መፈተሻ ሶፍትዌር የሚሰጠው ውጤት ዝቅተኛ ስለሆነ ችግር የለም የሚባለውም አይሠራም፤ ሶፍትዌሩ የሚያነጻጽረው ዓረፍተ ነገር ነው፣ 79 ከየት እንደመጣ አይጠይቅም። ቻት ጂፒቲ የፈጠረውን የሌለ ጥናትም እዚያው ያሳልፈዋል። የጥናቱን ዲኦአይ፣ ማለትም የኢንተርኔት መለያ ቁጥሩን፣ ከፍቶ ርዕሱንና ደራሲውን ማመሳከር የደቂቃ ሥራ ነው።

ትምህርት ክፍሎቹ ምክሩን ይሰብስቡት። በሚቀጥለው ግምገማ እያንዳንዱ ፈታኝ ከሪፖርቱ ሦስት ቁጥሮች ይምረጥ፣ ተማሪው ቁጥሮቹ የወጡበትን ገጽ እዚያው ይክፈት። መክፈት ያልቻለ ስሌቱን እንደገና ሠርቶ ይምጣ።