«እርስዎ» ማለት ብቻውን አይበቃም
ስለ ደንበኛ አያያዝ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ደንበኛን ሁሉ «እርስዎ» በሉ ይላል። እስማማለሁ፣ በተለይ በስልክ። «እርስዎ» ወንድና ሴት አይለይም፤ በድምፅ ተሳስቶ ሴትን «አንተ» ከማለት ያድናል። ግን አክብሮት አንቱታ ብቻ አይደለም። የደንበኞችን ስልክ እያነሳሁ ዓመታት ሠርቻለሁ። «አይቻልም፣ ነገርኩዎት እኮ!» በአንቱታ የተነገረ ቁጣ ነው። «ትንሽ ይታገሱኝ፣ አይቼ ልንገርዎት» ሲባል ግን ሰው ይረጋጋል። ደንበኛው ራሱ «ኧረ አንተ በለኝ» ካለ ደግሞ አንቱታውን መተው ነውር የለውም።

እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። አለባበስ እያዩ አንዱን «እርስዎ»፣ ቀጥሎ የቆመውን «አንተ» ማለት። ሁለቱም እዚያው ወረፋ ላይ ናቸው፣ ይሰማሉ። «አንተ» የተባለው ሰው ፊቱ ሲለወጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ምንም ሳይናገር ጥሎ ወጣ።