የቁጥጥር፣ የኃይልና የገመድ አልባ መረብ ምርምርን ነጣጥሎ መመዘን ይቅር

አንድ የምሕንድስና ፕሮፌሰር የምርምር መስኩን «የቁጥጥር ሥርዓት፣ ኃይልና ገመድ አልባ መረብ» ብሎ ሲገልጽ፣ የማዕረግ ዕድገት ወይም የምርምር ገንዘብ ጥያቄውን የሚመረምሩ ባልደረቦቹ «ትኩረት ይጎድለዋል» ማለታቸው የተለመደ ነው። ሦስቱ መስኮች፣ ማለትም ማሽኖችን በታለመላቸው መንገድ እየሠሩ እንዲቆዩ የማድረግ ጥበብ (ቁጥጥር)፣ ኤሌክትሪክና የሬዲዮ ግንኙነት፣ የየራሳቸው ጉባኤና መጽሔት ስላላቸው ትችቱ ምክንያታዊ ይመስላል። በእኔ እምነት ግን ጉድለቱ ያለው በምዘናው ላይ ነው።

ለነገሩ መስኮቹ ሲጀመሩም እንዲህ የተራራቁ አልነበሩም። መሐንዲሱ ሃሪ ናይኲስት እ.ኤ.አ. በ1932 ያሳተመው የመረጋጋት መመዘኛ ዛሬ የቁጥጥር ትምህርት መሠረት ቢሆንም፣ የመነጨው የረጅም ርቀት ስልክ ማጉያዎች በግብረ መልስ (ውጤታቸው ተመልሶ ወደ ራሳቸው በመግባቱ) ምክንያት መቼ ከቁጥጥር ውጪ እንደሚሆኑ ለማወቅ ከተደረገ ጥረት ነው።

በኃይል መረብ ውስጥ የሚመነጨውና የሚፈጀው ኤሌክትሪክ በየቅጽበቱ መመጣጠን አለበት፤ ሚዛኑ ሲዛባ ፍሪኩዌንሲው (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበት ብዛት) ይወርዳል ወይም ይወጣል። ከባዶቹ የሚሽከረከሩ ተርባይኖች በግዝፈታቸው ለውጡን ስለሚያዘገዩት ለተቆጣጣሪው ጥቂት ሰከንዶች ይሰጡታል። ቀጥተኛውን ኤሌክትሪክ ወደ ተለዋዋጭ በሚቀይር መሣሪያ (ኢንቨርተር) የሚገናኙት የፀሐይ ፓነሎችና ባትሪዎች ግን ይህ ተፈጥሯዊ እገዛ ስለሌላቸው ምላሹ ከሶፍትዌር መምጣት ይኖርበታል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 9 ቀን 2019 በብሪታንያ ከመብረቅ በኋላ አንድ የባሕር ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫና አንድ የጋዝ ጣቢያ ከመረቡ ሲወጡ፣ በየአካባቢው ያሉ ትንንሽ ማመንጫዎችም በራሳቸው መከላከያ ተቋረጡ፤ ፍሪኩዌንሲው ከ50 ወደ 48.8 ኸርዝ ወርዶ 1 ሚሊዮን ያህል ደንበኞች ኤሌክትሪክ አጡ። የአንዳንድ ባቡሮች የቁጥጥር ሶፍትዌር ደግሞ ባቡሮቹን አቁሞ፣ ከፊሎቹ ያለ ቴክኒሻን አልነሣ አሉ። መሣሪያዎቹ በየራሳቸው ሲቋረጡ ችግሩ ተደማምሮ ሰፋ።

ገመድ አልባ መረብን ብዙዎች የሚለኩት በፍጥነቱ ነው፤ ለቁጥጥር ግን ወሳኙ ከሴንሰሩ (የማሽኑን ሁኔታ ከሚለካው መሣሪያ) ወደ ተቆጣጣሪው የሚላከው መልእክት በጊዜው መድረሱ ነው። ተመራማሪው ብሩኖ ሲኖፖሊና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት ይህን በስሌት አሳይተዋል። በየእርምጃው ስሕተቱ በእጥፍ የሚያድግ ያልተረጋጋ ሥርዓት ቢኖርና መልእክቶች የሚጠፉት አንዱ ከሌላው ጋር ሳይያያዝ በዕድል ብቻ ቢሆን፣ ከሴንሰሩ የሚላከው መልእክት የመድረስ ዕድሉ ከ75 በመቶ ካልበለጠ ተቆጣጣሪው ስለ ሥርዓቱ ሁኔታ የሚያደርገው ግምት ስሕተት በአማካይ ወሰን የለሽ ሆኖ ያድጋል፤ የቱንም ያህል ጥራት ያለው ሴንሰር ቢገጠም ለውጥ የለውም። ቁጥሩን የሚወስነው የማሽኑ ባሕርይ ሲሆን፣ ማሟላት የሚጠበቅበት ግን የሬዲዮ መሐንዲሱ ነው። እሱም ሲግናሉን ቢያጠነክር ወይም መልእክቱን ቢደጋግም የሴንሰሩ ባትሪ ቶሎ ያልቃል። ታዲያ ይህን ጥያቄ ለየትኛው የትምህርት ክፍል እንስጠው?

እርግጥ ነው፣ በዚህ ዘርፍ ከሚታተሙት ጽሑፎች ብዙዎቹ ከኮምፒውተር ሲሙሌሽን አያልፉም። ስሌቱ እንዲቀል ሲባል መልእክቶች በተናጠል ይጠፋሉ ተብሎ ይታሰባል፤ በፋብሪካ ውስጥ ግን ብረትና ሌሎች ሬዲዮዎች ሲግናሉን ሲያውኩ መልእክቶች የሚጠፉት በተከታታይ ነው። ስለዚህ ገምጋሚው ፕሮፌሰሩን «ከሦስቱ የትኛው ነህ?» ከሚለው ይልቅ፣ የመልእክቶቹን መዘግየትና መጥፋት በእውነተኛ መሣሪያ ላይ ለክቶ እንደሆነ ቢጠይቀው ይሻላል፤ በገምጋሚ ኮሚቴውም ከሦስቱም መስኮች ቢያንስ አንድ አንድ ሰው ይቀመጥ።