ሞደም ለመሸከም በቅሎ ልከራይ?

ዛሬም ሰባት ሰዓት ሳይሞላ፣ ለታብሌቴ ኢንተርኔት የሚሰጠው ሞደም ባትሪው አልቆ ጠፋ። 11 ቤት ዞሬ የሞላሁት መጠይቅ ታብሌቱ ውስጥ ተቀምጧል፤ ቢሮው ደግሞ «እስካሁን ምንም አልደረሰንም» እያለ በየግማሽ ሰዓቱ ይደውላል።

ነገሩ የተበላሸው ከግዥው ነው። መሥሪያ ቤቱ ታብሌት ሲገዛ ሲም ካርድ የማይቀበለውን፣ በዋይፋይ ብቻ የሚሠራውን መረጠ። ዋጋው ይረክሳላ! እነሱ የቆጠቡትን ብር እኔ በትከሻዬ እየከፈልሁት ነው፦ ታብሌት፣ የኪስ ሞደም፣ ፓወር ባንክ፣ ሁለት ዓይነት ገመድ (የአንዱ ጫፍ ለሌላው አይገባም)፣ ዝናብ ቢመጣ ሁሉን መጠቅለያ ፌስታል። በእጅ የሚያዝ ኮምፒውተር የተባለው እንግዲህ ይህ ነው።

የሞደሙ ካርቶን «6 ሰዓት ይሠራል» ይላል። የት? ከኔትወርክ ማማ ሥር ተቀምጦ ይሆናል። እኔ ያለሁት መንዝ ነው፤ ማማው ከገደሉ ማዶ። ሞደም እንደ እረኛ ነው፤ አጠገቡ ላለው ያንሾካሹካል፣ ማዶ ላለው ግን ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጣራል። በአራተኛው ትውልድ ኔትወርክ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.2 ዋት በላይ አያሰራጭም፤ ወደ ሁለተኛው ሲወርድ ግን በየቅጽበቱ እስከ 2 ዋት ይተፋል፤ ያውም መረጃውን እያንቀረፈፈ። ይህ ሁሉ የሚወጣው ከ2000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ባትሪ ነው። ኔትወርኩ ጨርሶ ሲጠፋ የሚያርፍ ይመስላችኋል? ፍለጋውን አያቆምም፤ ባትሪው የሚያልቀው ምንም ሳይልክ ነው።

ፓወር ባንኩስ? «10000» ተብሎ በትልቁ ተጽፎበታል። ያ ቁጥር የውስጡ ባትሪ በ3.7 ቮልት ሲለካ ነው። ወደ 5 ቮልት ሲለወጥ ምንም ሳይባክን እንኳ 7400 ነው፤ በሙቀት የሚጠፋው ሲቀነስ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። እርሱንም ታብሌቱና ሞደሙ እንደ መንታ ጥጃ ይሻሙበታል።

አሥራ አንደኛው ቤት ያሉት እናት ገመዱን ስፈታ ስቋጥር አይተው፣ «ልጄ፣ ይህ ሁሉ ጠፍር ለምንድን ነው? የእኔ ልጅ በስልኩ ብቻ አይደል እንዴ የሚልከው» አሉኝ። ምን ልበላቸው?

በመጨረሻ ያደረግሁት ያንኑ ነው። የራሴን ስልክ ዋይፋይ ከፍቼ፣ በራሴ ካርድ፣ 11ዱንም ላክሁ። አሁን ስልኬ 4 በመቶ ላይ ነው፤ ያረፍሁበት ቤት መብራት የለም። መሐል ሜዳ ከተማ ሶኬቱ የሚሠራ ቡና ቤት የምታውቁ፣ ቶሎ ጻፉልኝ፤ ሳይ