እርማት፦ ብራይድልዌይ የፈረስ ብቻ አይደለም
ወንድሜ፣ «እንግሊዝ ውስጥ ካርታው ላይ ብራይድልዌይ የተባለ መንገድ የፈረሰኛ ብቻ ነው» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል፤ ግን ልክ አይደለም። በእንግሊዝና በዌልስ እግረኛም ፈረሰኛም በዚህ መንገድ የመሄድ መብት አላቸው። ሳይክል ነጂም በ1968 እ.ኤ.አ. በወጣው የገጠር ሕግ ተፈቅዶለታል። ግዴታው ለእግረኛውና ለፈረሰኛው ቅድሚያ መስጠት ነው። ስለዚህ ከፈረስ ኋላ ስትደርስ ቀስ በል፣ ድምፅህንም አሰማ። ፈረስ ድንገት ይደነብራል፤ ሰው ሊወድቅ ይችላል።

በኦርድናንስ ሰርቬይ (የብሪታንያ የካርታ ድርጅት) 1፡25,000 ካርታ ላይ ረጃጅም አረንጓዴ ሰረዞች ካየህ ብራይድልዌይ ነው። አጫጭሮቹ የእግረኛ መንገድ ናቸው፤ እዚያ ሳይክል የመንዳት መብት የለህም። ሁለቱ ይመሳሰላሉ፤ እኔም ካርታውን አስጠግቼ ነው የምለያቸው። ስኮትላንድ ግን ሕጉ ሌላ ነው።