እርማት፦ የጎብኚ እርካታ የፓርክ ጤንነት ማስረጃ አይደለም

ከደሴ የጻፉት ወንድማችን «ወደ ቦረና ሳይንት ፓርክ የሄዱ ጎብኚዎች መጨናነቅም ጉዳትም አላየንም ካሉ ፓርኩ አልተጎዳም» ማለታቸው ብዙዎች የሚጋሩት ስሕተት ስለሆነ በአክብሮት ላርመው። ጎብኚ ፈጥኖ የሚያስተውለው የወዳደቀ ፕላስቲክንና ጫጫታን እንጂ በእግር ብዛት የጠጠረ አፈርን ወይም ቀስ በቀስ የሳሳ ሣርን አይደለም፤ ቦታውን ቀድሞ ስላላየው የሚያነጻጽርበት የለውም፤ መጨናነቁ ያስመረረው ሰው ደግሞ ዳግም ስለማይመጣ ቢጠየቅ እንኳ አይገኝም። በተለይ ባልተረገጠ መስክ ላይ ከፍተኛውን ጉዳት የሚያደርሱት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት እግሮች በመሆናቸው፣ «ሰው አይበዛበትም» የሚለው ብቻውን አያጽናናም። የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2017 በዩኔስኮ በአደጋ ላይ ባሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ሲቆይ፣ ከምክንያቶቹ መካከል የዋልያ መመናመን ይገኝበት ነበር፤ ከገደሉ አፋፍ ቆሞ ዕይታውን የሚያደንቅ እንግዳ ግን ይህን በዓይኑ ሊለካው አይችልም።