ጭሱ ያለቀለት ከሰል

በክረምት ሌሊት በባሕር ዳር ብዙ ቤት በርና መስኮቱን ይዘጋል። ደጅ የተቀጣጠለው ከሰል ፍም ሲሆን ወደ ውስጥ ይገባል፣ ቡና ይፈላበታል፣ ከዚያም ቤቱን እንዲያሞቅ እዚያው ያድራል። «ጭሱ ካለቀ አይጎዳም» ሲባል ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። እኔ ይህን አባባል ዛሬውኑ ልንተወው ይገባል እላለሁ።

ዐይን የሚያቃጥለው ጭስ በእርግጥ ያልቃል። ሽታም ቀለምም የሌለው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ግን የሚበረታው ፍሙ ከቀላ በኋላ ነው፤ ከሥር የተፈጠረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በጋለው ከሰል መካከል ሲያልፍ ከካርቦኑ ጋር ተዋሕዶ ወደ ሞኖክሳይድ ይለወጣል። በፍም ላይ አልፎ አልፎ የምትታየው ሰማያዊ ነበልባል ይኸው ጋዝ ሲነድ ነው።

የሚነድ ጋዝ ከሆነ በክፍሉ ውስጥ ተቃጥሎ የማያልቀው ለምንድን ነው? ስዊድናዊው ኬሚስት ስቫንቴ አሬኒየስ በ1889 እንዳስረዳው፣ ሞለኪውሎች ስለተጋጩ ብቻ አይዋሐዱም፤ በቂ ጉልበት ይዘው መጋጨት አለባቸው፣ ሙቀቱ ሲቀንስ ደግሞ እንዲህ ያለው ግጭት እጅግ ይመናመናል። ካርቦን ሞኖክሳይድ በራሱ ለመቀጣጠል 600 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሙቀት ይፈልጋል፤ ነበልባል ለመያዝም ከአየሩ 12.5 በመቶ ያህሉን መሙላት አለበት። ከፍሙ እንደራቀ ወዲያው ይቀዘቅዛል። ሰውን በሰዓታት ውስጥ ለመግደል ግን 0.1 በመቶ ሊበቃው ይችላል፤ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ከፍ ባለችው ከተማችን ደግሞ አየሩ ቀድሞውኑ የሳሳ ነው።

ያለ ነበልባል የሚዋሐድበት መንገድ ግን አለ። እንግሊዛዊው ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪ በ1817 እንዳሳየው፣ ነበልባል እስከማይዝ ድረስ የሳሳ የጋዝና የአየር ድብልቅ እንኳ በጋለ የፕላቲነም ሽቦ ላይ ያለ ነበልባል ይዋሐዳል። ብረቱ ጋዙንና ኦክሲጅኑን ገጹ ላይ ይዞ አነስተኛ ጉልበት በሚጠይቅ መንገድ ያገናኛቸዋል። ዛሬ በመኪና ጭስ ማውጫ ውስጥ ሞኖክሳይድን የሚያጠፋው ይኸው ዘዴ ነው፤ እዚያ ግን ጋዙ ትኩስ እያለ በብረቱ ውስጥ እንዲያልፍ ይገደዳል። በመኖሪያ ክፍል ውስጥ የተበተነ ቀዝቃዛ ጋዝ ይህን ዕድል አያገኝም፤ መውጫው ክፍት መስኮት ብቻ ነው።

ስለዚህ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የፔዳና የፖሊ ግቢዎች ዙሪያ ለተማሪ ክፍል የሚያከራዩ ሰዎች ከታችም ከላይም የማይደፈን የአየር መግቢያና መውጫ ሊያበጁ ይገባል። በፖሊ የኬሚካል ምሕንድስና የሚያስተምሩ መምህራንም ክረምት ከመግባቱ በፊት ይህንኑ ለተከራይም ለአከራይም፣ ማንደጃውን ከፊት አስቀምጠው፣ ሰማያዊዋን ነበልባል እያሳዩ ቢያስረዱ እመኛለሁ።