የያዝነውን ሳንመልስ እንዴት እንመለስ?

ወገኖቼ፣ ዛሬ ምኵራብ የሚባለው የጾም እሑድ ነው። ዐቢይ ጾም ከገባ 14 ቀን ሆነ። ከ55ቱ 41 ቀን ይቀረናል።

የዛሬው ወንጌል ጌታ የገመድ ጅራፍ አበጅቶ ሻጮቹን ከመቅደስ ያስወጣበት ነው። የለዋጮቹን ገንዘብ በተነ፤ ገበታቸውንም ገለበጠ። በየዓመቱ ስሰማው ያ ጅራፍ የሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር። ዘንድሮ ግን እኔ ላይ አረፈ።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። ቤቴ የምትሠራ ልጅ አለች። የሁለት ወር ደመወዟን ሳልከፍላት ቆየሁ። ብር አጥቼ አይደለም። ዕቁብ ደርሶኝ ነበር፤ ሶፋ ቀየርኩበት። ይህንንም የምጽፈው እዚያው ሶፋ ላይ ተቀምጬ ነው።

ባለፈው ረቡዕ ነጠላዬን አጣፍቼ ለከሰዓቱ ቅዳሴ ልወጣ ስል በር ላይ ቆመች። እጇ የሳሙና አረፋ ነበረው፤ በቀሚሷ ጠረገችው። «እትዬ፣ ለእናቴ የምልከው ነበር» አለች፣ አቀርቅራ። «አሁን ቅዳሴ ረፍዶብኛል፤ ከፋሲካ በፊት እሰጥሻለሁ» ብያት ወጣሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ አልቀመስኩም። ጉልበቴ እስኪብረከረክ ሰገድኩ። ልጅቷ ግን አንዴም ትዝ አላለችኝም።

በኢሳይያስ 58 ላይ ሕዝቡ «ጾምን፤ ለምን አላየኸንም?» ብሎ እግዚአብሔርን ይወቅሳል። መልሱ እዚያው ነው፦ በጾማችሁ ቀን ሠራተኞቻችሁን ታስጨንቃላችሁ። ስንቴ አንብቤዋለሁ! አንዴም በር ላይ የቆመችውን ልጅ አላየሁበትም።

እኔ ብቻ ብሆን ኖሮ ለንስሐ አባቴ ተናግሬ ዝም ባልኩ። ግን ብቻዬን አይደለሁም። አንተ ጾም ሲገባ ጠብቀህ ምስርና ዘይት ላይ የምትጨምር ወንድሜ፣ ገዢዎችህ እኮ አብረውህ የሚያስቀድሱ ናቸው። በርበሬው ውስጥ ሸክላ ፈጭተህ የምትቀላቅለው፣ ያን ወጥ የማን ልጅ ነው የሚበላው? ፊርማህን ይዘህ ባለጉዳይ «ሻይ» እስኪልህ የምትጠብቀው፣ የእህትህን የውርስ ድርሻ ይዘህ ዓመት በዓል ሲመጣ «እንኳን አደረሰሽ» የምትላት፣ ሁላችንም ለጾም ምግቡ ጠንቃቃ ነን። ኬኩ ውስጥ ቅቤ እንዳይኖር አስተናጋጁን ሦስቴ እንጠይቃለን።

የመጀመሪያው ትእዛዝም እኮ የጾም ትእዛዝ ነበር፤ ከዚህች ዛፍ አትብላ። አዳም በላ፤ ተደበቀ። «ወዴት ነህ?» ሲባል ደግሞ «ይህች የሰጠኸኝ ሴት» አለ። መብላቱ አንድ ነገር ነው፤ እኔን የሚያስፈራኝ ግን መልሱ ነው። እኛም ስንጠየቅ ኑሮውን እንጠቁማለን። ኑሮ ተወዷል፣ እውነት ነው። ደመወዝ ለያዝኩባት ልጅስ አልተወደደም?

የነነዌን ሦስት ቀን በቅርቡ ጾመናል። የንጉሡን አዋጅ አስታውሱ። ሰውም ከብትም እንዳይቀምስ ከለከለ፤ እዚያ ላይ ግን አላቆመም። እያንዳንዱ በእጁ ካለው ግፍ ይመለስ አለ። ዘኬዎስም ጌታ ቤቱ በገባ ጊዜ በግፍ የወሰድኩትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። እኛ አንዱን እጥፍ እንኳ መቼ መለስን?

«በሰሙነ ሕማማት እንመለሳለን» አትበሉኝ። እኔም እንደዚያ ስል ኖሬአለሁ። ስቅለት ማታ ቄሱ በወይራ ጀርባችንን መታ መታ አድርገው የስግደት ቁጥር ይሰጡናል። ሰግደን፣ ቀሎን ወደ ቤታችን እንሄዳለን። የወሰድንበት ሰው ግን በዚያ ምሽት ምን ይቀለዋል? ስግደታችን የእሱን ኪስ አይሞላም።

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ መንገድ ላይ ካለው ኤቲኤም አወጣሁና ቤት ገብቼ ሰጠኋት። ቆጠረችው። ደግማ ቆጠረችው። «ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። መልስ አልሰጠችኝም፤ ይገባኛል። ብሩን በመሐረብ ቋጥራ ወደ ማድ ቤት ገባች። ትንሽ ቆይታ ስልክ ስታወራ ሰማኋት።

«እማ፣ ነገ እልክልሻለሁ» ትላለች።